ቁጥሩ ዘግይቶ ሲደርስ፦ የሚኒሶታው የረሃብ ሙከራ እና የቢኤምአይ የታችኛው መስመር

በኖቬምበር 1944 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 36 ወጣት ወንዶች አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር ወደሚገኝ ቤተ ሙከራ ገቡ። ሁሉም በሃይማኖታቸው ወይም በሕሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሳም ብለው በውትድርና ፈንታ ለሲቪል አገልግሎት የተመደቡ ነበሩ። አሁን ደግሞ በፈቃዳቸው እንዲራቡ ተጠይቀው እሺ ብለዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አውሮፓ ውስጥ በረሃብ የተጎዳ ሕዝብ መታየት ጀምሯል፤ ለወራት የተራበ ሰው ምን ያህል ምግብ በምን ፍጥነት ቢሰጠው እንደሚያገግም ግን በማስረጃ መናገር የሚችል ሐኪም አልነበረም። ሙከራውን የመራው የፊዚዮሎጂ ባለሙያው አንሴል ኪይስ ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሠራበትን ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር፣ በ1972 ስም ያወጣለት ይኸው ኪይስ ነው። ሰው አስርቦ የለካውም መለኪያውን የሰየመውም አንድ ሰው ነው። ሁለቱ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ «ከ18.5 በታች ከሆንክ ክብደትህ አንሷል» የሚለው መስመር ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሠራሩ

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የዝግጅት ነበሩ። ሰዎቹ በቀን ወደ 3,200 ካሎሪ እየበሉ የእያንዳንዳቸው መደበኛ ክብደት፣ የልብ ምት፣ የጉልበት መጠንና ስሜት ተመዘገበ። ከፌብሩዋሪ 12 ቀን 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት ቀለባቸው ወደ ግማሽ ወረደ፤ በአማካይ በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ሆኖ በሁለት ገበታ ይቀርብላቸዋል። ገበታው የጦርነት ጊዜዋን አውሮፓ እንዲመስል የተዘጋጀ ነው፦ ድንች፣ ሥራ ሥር፣ ጥቁር ዳቦ፣ መኮሮኒ። ሥጋና ወተት ለስም ያህል። በዚያ ላይ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር መሄድ ግዴታ ነበር።

አንድ ዝርዝር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ግቡ ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ቁጥር ማውረድ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ መነሻ ክብደት ሩብ ያህሉን እንዲያጣ ነው የታሰበው፤ ሲጀምርም ቀጠን ያለው ከሩብ ያነሰ፣ ደልደል ያለው ከሩብ የበለጠ። ክብደቱ በየሳምንቱ የሚወርድበት መስመር ለእያንዳንዱ አስቀድሞ በግራፍ ተሠርቶለታል። ሰውየው ከመስመሩ በላይ ከሆነ ዳቦና ድንች ይቀነስበታል፣ ከመስመሩ በታች ከወረደ ይጨመርለታል። የሚቀጥለው ሳምንት ድርሻ ዓርብ ዓርብ ይለጠፍ ስለነበር፣ «ቁራሽ ዳቦ ይጨመርልኝ ይሆን ወይስ ይቀነስብኝ?» እያለ ዓርብን በጭንቀት የማይጠብቅ አልነበረም።

ኪይስ የአንድን ሰው ረሃብ መለካት በፈለገ ጊዜ ሰውየውን ከሌላ ሰው ጋር አላስተያየውም። ያስተያየው ከራሱ ከሰውየው የቀድሞ ክብደት ጋር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የስድስት ወሩ ውጤት

በጁላይ መጨረሻ፣ መረጃቸው የተያዘላቸው የ32 ሰዎች አማካይ ክብደት ከ69.4 ኪሎ ወደ 52.6 ኪሎ ወርዶ ነበር። ሲታዩ ጉንጫቸው ሰርጉዷል፣ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ትከሻቸው ሾሏል። በበጋው ሙቀት ሹራብ ደርበው ይበርዳቸዋል። መቀመጫቸው ላይ ሥጋ ስላለቀ ወንበር ይቆረቁራቸዋል። ገበታ ላይ ሲቀርቡ ሳህን ይልሳሉ፤ አንዳንዱ ያችኑ ጥቂት ምግብ እያቀላቀለ፣ ውሃ እየጨመረባት፣ ቶሎ እንዳታልቅበት ሰዓት ሙሉ ያቆያታል። በሕይወታቸው ምድጃ አጠገብ ቆመው የማያውቁ ወጣቶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ሲሰበስቡና ሲያነቡ ይውሉ ጀመር። ማስቲካና ቡናው ከልክ ስላለፈ ገደብ ተጣለበት። ስለ ሴት ማሰብ ቀረ። ወዳጅ ከወዳጁ መጫወት ታከተው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው መክሳታቸው አልታይ ይላቸው ነበር፤ ይልቁንም ከውጭ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከመጠን በላይ ወፍሮ ይታያቸዋል። ጭንቅላታችን ደነዘዘ እያሉም ያማርሩ ነበር፤ የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሰጣቸው ግን ውጤታቸው አልወረደም። ስለዚህ የተራበ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ ልክ ነው ማለትም አይቻልም፣ ሁሉም ስህተት ነው ማለትም አይቻልም። (ለነገሩ የመስማት ችሎታቸው በመጠኑ ተሻሽሎ ተገኝቷል።)

ውስጣቸው ሲመረመር የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ55 አካባቢ ወደ 35 አካባቢ ወርዷል። ሰውነታቸው በእረፍት ላይ እያለ የሚያወጣው ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ይወርድ የነበረው ክብደትም ወደ መጨረሻው እየተጎተተ ሄዶ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ይህን ሚዛን ላይ ብቻ ያየ ሰው «ተረጋጋ፣ ደህና ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ገቢው የነጠፈ ቤተሰብ የየክፍሉን መብራት እያጠፋ ወሩን እንደሚገፋው ነው፤ ወጪው ከገቢው ጋር የተመጣጠነው አብዛኛው ሥራ ስለተዘጋ ነው። ሙቀት፣ የወሲብ ፍላጎት፣ የጡንቻ ጉልበት፣ ጨዋታ፣ ሁሉም ከሚጠፉት መብራቶች መሃል ናቸው። ስለዚህ ከሲታ ሰው ክብደቱ ባለበት ቆመ ማለት ብቻውን የምስራች አይሆንም።

ሠንጠረዡ መቼ ይነቃል?

አሁን የዛሬውን የቢኤምአይ ሠንጠረዥ ይዘን ወደ 1945 እንመለስ። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ ነው። ከ17 እስከ 18.49 ቀላል፣ ከ16 እስከ 16.99 መካከለኛ፣ ከ16 በታች ከባድ ይባላል።

የሚኒሶታ ሰዎች አማካይ ቁመት 1.78 ሜትር አካባቢ ነው። 1.78 በራሱ ሲባዛ 3.17 ይመጣል። 69.4 ኪሎ ለ3.17 ሲካፈል 21.9፤ ከጤናማው ክልል መሃል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ 52.6 ለ3.17 ሲካፈል 16.6፤ «መካከለኛ»። ሳህን የሚልሰው፣ በበጋ የሚንቀጠቀጠው፣ ልቡ በደቂቃ 35 ጊዜ የምትመታው ሰው በሠንጠረዡ ቋንቋ ገና ከባድ ደረጃ ላይ አልደረሰም።

የበለጠ የሚያሳስበው መሃሉ ነው። ይህ አማካይ ሰው ከክብደቱ 5 በመቶ ሲያጣ 65.9 ኪሎ ይሆናል፤ ቢኤምአይው 20.8። 10 በመቶ ሲያጣ 62.5 ኪሎ፣ 19.7። 15 በመቶ ሲያጣ 59 ኪሎ፣ 18.6። እስከዚህ ድረስ ሠንጠረዡ ጤናማ ነው ይለዋል። ከአሥር ኪሎ በላይ የጠፋበት፣ ሱሪው ከወገቡ የሚወርድበት ሰው በካርዱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ይጻፍለታል።

መነሻውን ከፍ ብናደርገውስ? ቢኤምአይው 25 የነበረ ሰው ወደ 18.5 ለመውረድ ከክብደቱ 26 በመቶ ማጣት አለበት። ይህ የሚኒሶታ ሰዎች በስድስት ወር ረሃብ በአማካይ ካጡት ይበልጣል። ከ30 የተነሣ ሰው 38 በመቶ። በካንሰር፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በስኳር ወይም ባልታወቀ የአንጀት ችግር ሳያስበው የሚከሳ ደልዳላ ሰው መስመሩ ጋ እስኪደርስ ቢጠበቅ የሚሆነውን ማሰብ ነው። እንዲያውም በመሃሉ ከ25 በታች ሲወርድ «ጎበዝ፣ አስተካከልከው» ይባልለታል። አውቆ፣ አቅዶ፣ እየበላ የሚቀንስን ሰው እዚህ ውስጥ አልጨመርኩም፤ የማወራው ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለሚጠፋ ክብደት ነው።

ሚዛን ውሃውን ከሥጋው አይለይም

ረሃቡ እየበረታ ሲሄድ የብዙዎቹ ቁርጭምጭሚት ማበጥ ጀመረ። በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ፊታቸውም ጠዋት ጠዋት ያባብጥ ነበር። ይህ በረሃብ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ እብጠት ነው፤ ሥጋው ሲያልቅ በሰውነት ውስጥ ያለው የውሃ ድርሻ ይጨምራል። የተቋጠረው ውሃ ደግሞ ሚዛን ላይ እንደ ሥጋ ይቆጠራል። ስለዚህ 52.6 ኪሎ የሚለው ቁጥር ራሱ አሳንሶ የተናገረ ነው፤ የጠፋው ጡንቻና ስብ ሚዛኑ ካሳየው ይበልጣል።

ዛሬም ያው ነው። ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው በእግሩና በሆዱ ብዙ ኪሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ክንዱ ቀጥኖ፣ ትከሻው ሾሎ፣ ቢኤምአይው ግን 22 ይሆናል። ሐኪሙ ቀና ብሎ ትከሻውንና ክንዱን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ከጻፈ ሰውየው ሰው መሃል እንዳለ ጠፋ። ለዚህም ነው በጎርፍ፣ በድርቅና በጦርነት ጊዜ የሚሠሩ የተመጣጠነ ምግብ ባለሙያዎች ሚዛን ብቻ ይዘው የማይወጡት። የሁለቱንም እግር እብጠት በአውራ ጣት ጫን አድርገው ያያሉ፣ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በሜትር ይለካሉ። የክንድ ልኬት ቁመት አይጠይቅም፣ በእብጠትም እንደ ክብደት በቀላሉ አይታለልም፤ ለነፍሰ ጡርም ይሠራል። በእርግዝና ጊዜ የሚወሰድ ቢኤምአይ ስለ እናትየው የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ሲነሣ ሰውየው ተነሣ?

ከጁላይ መጨረሻ በኋላ ማገገሚያው መጣ። ሰዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው በቀን 400፣ 800፣ 1,200 ወይም 1,600 ካሎሪ ተጨመረላቸው፤ ለከፊሎቹ ቪታሚን፣ ለከፊሎቹ ፕሮቲን ታከለ። ቪታሚኑም ፕሮቲኑም ያን ያህል ለውጥ አላመጡም። ለውጥ ያመጣው የምግቡ ብዛት ነው። ትንሽ የተጨመረላቸው ለሳምንታት ፈቅ አላሉም፤ ኪይስ በኋላ የሁሉንም ድርሻ ከፍ ለማድረግ ተገደደ። የደረሰበት መደምደሚያም በረሃብ የተጎዳ አዋቂ ሰው በቅጡ እንዲያገግም ለወራት በቀን ወደ 4,000 ካሎሪ ሊያስፈልገው ይችላል የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው፦ የሚኒሶታ ሰዎች ትንሽ ትንሽ ሲበሉ የከረሙ ናቸው። ለቀናት ምንም ያልቀመሰ ወይም እጅግ የከሳ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት ወርደው ልቡ ሊቆም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው መመገብ የሐኪም ሥራ ነው።

በማገገሚያው መጀመሪያ የተቋጠረው ውሃ ስለሚወጣ፣ ሰውየው እየበላ ሚዛኑ ላይነቃነቅ ይችላል። ብዙዎቹ ከረሃቡ ይልቅ ይህ ጊዜ እንደከበዳቸው ተናግረዋል። አንዱ ተሳታፊ በዚሁ ወቅት እንጨት ሲፈልጥ ሦስት ጣቶቹን በመጥረቢያ ቆረጠ፤ ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ ከብዙ ዓመታት በኋላም ለይቶ መናገር አልቻለም። በኋላ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው በቀን ከ5,000 ካሎሪ በላይ እየበሉ አልጠግብ አሉ።

ሲመለስ የቀደመው ስብ ነው። ጡንቻው ወደ ኋላ ቀረ። በመሃል ላይ አንድ ሰው የቀድሞ ክብደቱ ላይ ሲደርስ ቢኤምአይው 21.9 ይሆናል፤ ውስጡ ግን ከመጀመሪያው 21.9 የተለየ ነው፤ ስቡ በዝቶ ጡንቻው ገና ነው። ከረጅም ሕመም የተነሣ ሰው «ክብደቴ ተመለሰ፣ ጉልበቴ የት ሄደ?» ሲል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

የ1972 እና የ1988 ሥራ

ቀመሩ ራሱ የቆየ ነው። ቤልጂጋዊው የሂሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ የአዋቂዎች ክብደት ከቁመታቸው ስኩዌር ጋር እንደሚሄድ አስተዋለ። የሚፈልገው «አማካዩን ሰው» ነበር እንጂ በሽተኛ አልነበረም። ኪይስና ባልደረቦቹ በ1972 ከአምስት አገሮች የተውጣጡ ከ7,000 በላይ ወንዶችን መረጃ ይዘው ክብደትን ከቁመት የሚያዛምዱ ቀመሮችን አወዳደሩ፤ ይህኛውን መረጡ፣ ስምም ሰጡት። ጥያቄያቸው ውፍረት ነበር። ከሲታነት አልነበረም። ሴትም አልነበረችበትም።

የታችኛው መስመር የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1988 ጄምስ፣ ፌሮ-ሉዚ እና ዋተርሎው የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረትን የሚለይ ዘዴ አቀረቡ። 18.5፣ 17 እና 16 የሚሉት ደረጃዎች ከዚያ ናቸው። በመጀመሪያው ሐሳባቸው ቢኤምአይ ብቻውን አልነበረም፤ ሰውየው በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ አብሮ ይታይ ነበር። ቀጭን ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚሠራና ቀጭን ሆኖ አቅም አጥቶ የተቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም። ነገር ግን የኃይል ወጪን በየመንደሩ መለካት ስለማይቻል በ1992 አከፋፈሉ ቀለል ተደርጎ ቢኤምአይ ብቻ ቀረ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚቆጨው ይህ የተጣለው ግማሽ ነው። ሐኪም ዋጋ ሳያወጣ ሊጠይቀው ይችል ነበር፤ «ሥራህን እየሠራህ ነው? ደረጃ ስትወጣ ያደክምሃል?»

ለሕዝብ ቁጥሩ ጥሩ መሣሪያ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ አዋቂዎች ከ18.5 በታች የሆኑት ከ20 በመቶ ሲያልፉ የዓለም ጤና ድርጅት ሁኔታው አሳሳቢ ነው ይላል፣ 40 በመቶ ሲደርስ እጅግ አደገኛ። በአንጻሩ በጤናማ ማኅበረሰብም ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ሰው ከመስመሩ በታች ይገኛል። እነዚህ አልተራቡም፣ አልታመሙም፣ በቃ ቀጭን ናቸው።

እነዚህን ሰዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከልጅነታቸው ጀምረው ቀጭን፣ የሚበሉት የማይታወቅባቸው፣ አባታቸውም እንደዚያው። ክብደታቸው ለዓመታት ያው ነው፣ ሴቶቹ የወር አበባቸው አይዛነፍም፣ ጉልበት አላቸው። እግራቸው ረጅም፣ ወገባቸው አጭር የሆኑ ሰዎችም ቀመሩ ያለ ጥፋታቸው ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ እግር ለቁመት የሚጨምረውን ያህል ለክብደት አይጨምርምና። አዛውንቶች ላይ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። አከርካሪያቸው አጥሮና ጎብጦ ቁመታቸው ስለሚቀንስ ቢኤምአይው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። እግሩ ወይም እጁ የተቆረጠ ሰው ሳይታረም ከተሰላ ከሲታ ይባላል።

ወደ ምርመራ ክፍሉ

ስለዚህ ዛሬ የምግብ እጥረት ያለበትን ሰው ለመለየት ከሚሞሉት ቅጾች የተሻሉት ኪይስ በ1945 ወዳደረገው ተመልሰዋል፤ ሰውን ከራሱ ጋር ማስተያየት። በ2019 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሳይታሰብ በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ክብደት ማጣት ብቻውን አንድ ምልክት ነው። የቢኤምአይ መስመሩም ከፍ ብሏል፤ ከ70 ዓመት በታች ለሆነ ከ20 በታች፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ22 በታች፣ ለእስያ ሕዝቦች ዝቅ ያለ። የጡንቻ መቀነስ ሦስተኛው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲገኝ ምክንያት ይፈለግለታል፦ ምግቡ ቀንሷል? አይዋሃደውም? በሽታ አለበት?

የቀድሞ ክብደቱን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደገባ፣ ቀለበቱ ከጣቱ ይወልቅ እንደሆነ፣ የአምና ፎቶው ምን እንደሚመስል መጠየቅ ይበቃል።

በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሚሠራበት «መስት» የተባለው ቅጽ ለቢኤምአይ እስከ 2፣ ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት ለጠፋ ክብደት እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 2 ከደረሰ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የሚኒሶታውን ሰው 62 ኪሎ ላይ እንዳለ እናስገባው። ቢኤምአይው 19.6 ስለሆነ 1 ነጥብ፣ ከ10 በመቶ በላይ ስላጣ 2 ነጥብ፣ ድምሩ 3። ሠንጠረዡ ገና «ጤናማ» የሚለውን ሰው ቅጹ ያዘው። ዕድሜ ልኩን 17.9 ላይ የኖረውን፣ ምንም ያልጎደለበትን ሰው ስናስገባ ግን በቢኤምአይው ብቻ 2 ነጥብ ተሰጥቶት እሱም ከከፍተኛ ስጋት ይመደባል፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ በስተቀር።